የጤና ምርምር መሥሪያ ቤት እንዴት እንደሚደራጅ

በዚህች ወርኃዊ ጽሑፍ ስለ ውኃ ማፍላት፣ ስለ መጸዳጃ ጕድጓድ አቆፋፈርና ስለ ዝንብ ደጋግመን ጽፈናል። ወደ ገጠር ወጥተን ይህንኑ በቃል ስናስተምር አንዳንድ ሽማግሌዎች «ለመሆኑ ይህን ያለው ማን ነው? በምንስ ዐወቀ?» ብለው ይጠይቁናል። ጥያቄው ሊያስቈጣን አይገባም፤ ይልቁንም ጠያቂውን የሚያስመሰግን ነው። «ምርመራ አድርገው ያገኙት ነው» ብሎ መመለስ ግን አይበቃም። መርማሪውን ማን አዘዘው? ገንዘቡን ማን ሰጠው? ስሕተት ቢሠራ ማን ያርመዋል? እነዚህ ሁሉ የአደረጃጀት ጥያቄዎች ስለ ሆኑ የዛሬውን ትምህርት ለዚሁ አውለነዋል።

ለምሳሌ የመረጥነው በአሜሪካ አገር፣ ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ በቤተዝዳ የሚገኘውንና ስሙ «ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች» ተብሎ ሊተረጐም የሚችለውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። የመረጥነውም ሀብቱን ለማድነቅ አይደለም፤ ጥፋቱም ሆነ እርማቱ በግልጥ ተጽፎ ስለሚገኝ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

መሥሪያ ቤቱ ሲጀመር አንዲት ክፍል ብቻ ነበረች። በ1887 ዓ.ም. ጆሴፍ ኪንዩን የተባለ ወጣት ሐኪም በኒው ዮርክ ወደብ፣ በስታተን ደሴት በነበረው የመርከበኞች ሆስፒታል ውስጥ ትንሽ ላቦራቶሪ አቋቋመ። ሥራው ከባሕር ማዶ በመርከብ ከሚመጡት መንገደኞች መካከል ኮሌራ የያዘውን በማይክሮስኮፕ ለይቶ ማወቅ ነበረ። በ1891 ላቦራቶሪው ወደ ዋሽንግተን ተዛወረ። በዚያን ዘመን ስለ አደረጃጀት የሚጨነቅ አልነበረም፤ አንድ ሰው ራሱ አለቃ፣ ራሱ መርማሪ፣ ምናልባትም ራሱ ጠርሙስ አጣቢ በሆነበት ቤት አደረጃጀት ምን ሊያደርግለት?

አደረጃጀት የመጣው ከሐዘን በኋላ ነው። በ1901 ዓ.ም. በሴንት ሉዊስ ከተማ ዘጊ አናዳ ይዟቸው የነበሩ ሕፃናት ከፈረስ ደም የሚዘጋጀውን ማርከሻ ተወጉ። ደሙ የተቀዳው ቀድሞ የወተት ጋሪ ይጐትት ከነበረው ጂም ከተባለ ፈረስ ነበር። ፈረሱ ግን መንጋጋ ቆልፍ ይዞት ኖሮ መርዙ ከማርከሻው ጋር ወደ ሕፃናቱ ሰውነት ገባና 13 ልጆች ሞቱ። ልብ እንበል፤ ማርከሻውን የሚያዘጋጀውም፣ ንጹሕ መሆኑን የሚያረጋግጠውም ያው የከተማው ጤና መሥሪያ ቤት ነበረ። በሚቀጥለው ዓመት በ1902 ክትባትና ማርከሻ የሚያዘጋጅ ሁሉ ከማዕከላዊው መንግሥት ፈቃድ እንዲያወጣ፣ የሚያዘጋጅበትም ስፍራ እንዲጐበኝ ሕግ ወጣ። ቍጥጥሩም ለዚያች ለኪንዩን ላቦራቶሪ ተሰጠ። ላቦራቶሪዋም በዚያው ጊዜ በአራት ክፍል ተመደበች፤ አንዱ ስለ በሽታ ጠባይና ስለ ባክቴሪያ፣ ሁለተኛው ስለ ኬሚስትሪ፣ ሦስተኛው ስለ መድኃኒት፣ አራተኛው ስለ ጥገኛ ትላትልና ስለ መሰል እንስሳት የሚያጠና ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ በአጭሩ እናልፈዋለን። በ1930 ስሙ «ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩት» ተባለ። በ1937 የካንሰር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ በ1948 የልብ ኢንስቲትዩት ሲጨመር ስሙ ከነጠላ ወደ ብዙ ተለወጠና «ኢንስቲትዩቶች» ሆነ። ዛሬ ቍጥራቸው ማዕከሎቹን ጨምሮ 27 ደርሷል። አከፋፈላቸው አንድ ወጥ አይደለም። ካንሰር በበሽታ ስም፣ ዓይን በአካል ስም፣ እርጅና በዕድሜ ስም ቆሟል። እንግዲህ ስኳር በሽታ ዓይናቸውን የጐዳባቸው አንድ አረጋዊ በየትኛው ቤት ይጠኑ? የመሥሪያ ቤቱ አሠራር ልጅ ባገባ ቍጥር አንድ ጎጆ እየተጨመረበት የሰፋ የባላገር ግቢን ይመስላል። በውስጡ የኖረ ሰው መንገዱን ያውቀዋል፤ እንግዳ ግን ይጠፋበታል። እኛም በውጭ አገር በምንማርበት ጊዜ ሥዕሉን በወረቀት ላይ ስናየው ጠፍቶብን ነበር።

ከሁሉ በላይ ጠቅላይ ዲሬክተሩ አለ። የሚሾመው በአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሲሆን ሴኔቱ ሹመቱን ማጽደቅ አለበት፤ ተጠሪነቱም ለጤና ሚኒስትሩ ነው። ይሁን እንጂ ሥልጣኑ ስሙን ያህል ሰፊ አይደለም። ከ27ቱ መካከል 24ቱ በጀታቸውን እያንዳንዳቸው በስማቸው ከኮንግሬስ ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ጠቅላይ ዲሬክተሩ ለልብ የተመደበውን ገንዘብ አንሥቶ ለዓይን ሊሰጥ ቢፈልግ እንደ ልቡ አይሆንለትም። ይህ ለአንድ አለቃ ሥራ እንቅፋት ነው፤ ነገር ግን አንድ አለቃ የወደደው በሽታ ብቻ እንዳይጠና ደግሞ ይከላከላል። በእኛ አስተያየት ጥቅሙ ከጕዳቱ ይበልጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የያንዳንዱ ኢንስቲትዩት ሥራ በሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው በግቢው ውስጥ የሚሠራ ምርምር፣ ሁለተኛው ከግቢው ውጭ ላሉ መርማሪዎች ገንዘብ ሰጥቶ የሚያሠራው ነው። ብዙ ሰው አብዛኛው ገንዘብ ለግቢው ውስጥ ሥራ የሚውል ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። በ2023 ዓ.ም. 47 ቢሊዮን ዶላር ያህል ከነበረው በጀት ከመቶው ከ80 እጅ በላይ የሚሆነው ወደ ዩኒቨርሲቲዎችና ወደ ሆስፒታሎች የሚሄድ ነበር፤ ለግቢው ውስጥ ምርምር የሚቀረው ከመቶው 10 ወይም 11 እጅ ያህል ነው።

የግቢው ሠራተኛ የሚያገኘው ዋነኛ ጥቅም ጊዜ ነው። ለዚህም ጆሴፍ ጎልድበርገርን እንጠቅሳለን። በ1914 ዓ.ም. መንግሥት ስለ ፔላግራ በሽታ እንዲመረምር ወደ ደቡብ አሜሪካ ክፍለ ሀገሮች ላከው። ፔላግራ ቈዳን የሚያቈስል፣ ሆድን የሚያስቀምጥ፣ አእምሮን የሚያናውጥ በሽታ ነው። ሐኪሞቹ ተላላፊ ነው ይሉ ነበር። ጎልድበርገር ግን በየእጓለ ማውታውና በየአእምሮ ሕሙማን ቤቱ እየዞረ ሲመለከት በሽተኞቹን የሚያስታምሙት ሠራተኞች ምንም እንዳልያዛቸው አስተዋለ። ምግቡን አየ፤ በቈሎ የበዛበት፣ ሥጋና ወተት የጐደለበት ነበር። ተላላፊ አለመሆኑንም ለማስረዳት በ1916 የበሽተኞችን ደም በራሱና በሚስቱ ሰውነት እስከ ማስወጋት ደረሰ። እስኪሞትም ድረስ ከ10 ዓመት በላይ በዚሁ በአንድ ጕዳይ ላይ ቆየ። ገንዘብ በየጥቂት ዓመቱ እየለመነ የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለውን ትዕግሥት ከየት ያመጣል?

ወደ ውጭ የሚሄደው ገንዘብ አሰጣጥ ደግሞ ረዘም ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። አንድ የዩኒቨርሲቲ መርማሪ ሐሳቡን በጽሑፍ ያቀርባል። ጽሑፉ በመጀመሪያ የሚደርሰው ገንዘቡን ለሚሰጠው ኢንስቲትዩት አይደለም፤ በ1946 ለተጀመረውና ራሱ የሚሰጠው የምርምር ገንዘብ ለሌለው የምዘና ማዕከል ነው። ማዕከሉ በዚያ ትምህርት የታወቁ፣ አብዛኞቹ የመሥሪያ ቤቱ ተቀጣሪዎች ያልሆኑ 20 ያህል ሊቃውንት የሚቀመጡበት ጉባኤ ይሰበስባል። በልማድ ሦስት ሰዎች ጽሑፉን አስቀድመው ጠልቀው ያነቡና ለጉባኤው ያስረዳሉ። የአመልካቹ የሥራ ባልደረባ ወይም የቅርብ ወዳጅ የሆነ ካለ ከክፍሉ ይወጣል። ከዚያ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 9 ነጥብ ይሰጣል፤ 1 እጅግ የተመሰገነ፣ 9 እጅግ ደካማ ማለት ነው።

በዚህ አያበቃም። ነጥቡ ወደ ኢንስቲትዩቱ የአማካሪዎች ምክር ቤት ይሄዳል። ከምክር ቤቱ አባላት ሁለት ሦስተኛው የሳይንስና የጤና ሊቃውንት ሲሆኑ አንድ ሦስተኛው ከሕዝብ የተመረጡ እንዲሆኑ ሕግ ያዛል። እነርሱም «ሥራው መልካም ይሁን፤ ለሕዝቡ ግን ያስፈልጋልን?» ብለው ይጠይቃሉ። በመጨረሻ የኢንስቲትዩቱ ዲሬክተር ይወስናል። እንግዲህ ነጥብ የሚሰጠው ከረጢቱን አልያዘም፤ ከረጢቱን የያዘውም ነጥብ አይሰጥም። በአገራችን ፍርድ አንድ ሰው ከሳሽም ዳኛም ሊሆን እንደማይገባው ሁሉ ማለት ነው። ጕድለት የለበትም አንልም። ጉባኤ አዲስ ሐሳብን ይፈራል፤ በብዙዎች ዘንድ የታወቀውን ያከብራል፤ ወጣቱ መርማሪ ደጅ በመጥናት ዕድሜውን ያሳልፋል። ቢሆንም ከዚህ የተሻለ ሥርዓት ሲሠራ እኛ አላየንም።

የወረቀት አደረጃጀት መልካም ሆኖ ሳለ ነገር ግን እንዴት ሊበላሽ እንደሚችል የሚያሳየው የ1955ቱ መከራ ነው። የልጅነት ልምሻን የሚከላከለው የዮናስ ሳልክ ክትባት በሚያዝያ 12 ቀን 1955 ዓ.ም. መልካም መሆኑ ሲታወጅ በዚያው ቀን ለፋብሪካዎቹ ፈቃድ ተሰጠ። ፈቃዱ የተሰጠው በቤተዝዳው መሥሪያ ቤት ውስጥ ባለው የክትባት ቍጥጥር ላቦራቶሪ ምስክርነት ነበር። በዚያ ላቦራቶሪ ትሠራ የነበረችው በርኒስ ኤዲ የካተር ፋብሪካን ክትባት ገና በ1954 በዝንጀሮዎች ላይ ስትሞክር ዝንጀሮዎቹ ልምሻ ይዟቸው ሽባ ሆኑ። ይህ ማለት በክትባቱ ውስጥ ያለው ቫይረስ አልሞተም ማለት ነው። ውጤቱን ለአለቃዋ አስታወቀች። ወሬው ግን ፈቃዱን ለሚመክሩት ሊቃውንት ሳይደርስ ቀረ። ክትባቱ ወደ ልጆች ሄደ። ከ15 ቀን በኋላ ተሰብስቦ ሲመለስ 40,000 ያህል ሰዎች በቀላሉ የታመሙ ሆነው ተገኙ፤ 200 ያህሉ ለዘለቄታው ሽባ ሆኑ፤ 10 ሞቱ።

ላቦራቶሪ ነበረ፤ ዐዋቂ ሴት ነበረች፤ ምርመራውም በትክክል ተደርጓል። ያልነበረው ከታች ወደ ላይ የሚወስደው መንገድ ነው። በአደረጃጀት ሥዕል ላይ መስመሮቹ ሁሉ ከላይ ወደ ታች ይሳላሉ፤ ትእዛዝ እንደሚወርድ እንዲታወቅ ነው። የማስጠንቀቂያ ወሬ በምን መስመር እንደሚወጣ ግን የሚስለው ጥቂት ነው። ከዚያ መከራ በኋላ በዚያው ዓመት የክትባት ቍጥጥሩ ራሱን የቻለ ክፍል ሆነ፤ በ1972 ደግሞ ጨርሶ ከምርምሩ መሥሪያ ቤት ተለይቶ የምግብና የመድኃኒት ቍጥጥር ወደሚያደርገው መሥሪያ ቤት ተዛወረ። የሚመረምረውና የሚፈቅደው በአንድ ጣራ ሥር እንዳይኖሩ በሴንት ሉዊስ የተጀመረው ትምህርት ከ70 ዓመት በኋላ ተፈጸመ።

እኛም በአንድ ወረዳ በምንሠራበት ጊዜ የአንድ ጕድጓድ ውኃ ናሙና ወስደን ነበር። ላቦራቶሪው ውኃው በሰገራ መበከሉን በሦስተኛው ቀን ዐወቀ። ደብዳቤው ግን የሚፈርሙት ሹም ወደ መስክ ወጥተው ስለ ነበረ ሦስት ሳምንት በጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሰዎቹም ያንን ውኃ ሦስት ሳምንት ጠጡት። በዚያ መካከል ከታመሙት ልጆች መካከል የሁለቱን ስም እስከ ዛሬ እናስታውሰዋለን።

በአገራችን በጉለሌ የሚገኘውና የአዲስ አበባ ሰው እስከ አሁን «ፓስተር» የሚለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከቤተዝዳው በጣም ይለያል። በ1995 ዓ.ም. ብሔራዊው የጤና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩትና የባህል መድኃኒት ክፍል ተዋሕደው አንድ ቤት ሆኑ፤ የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ2013 በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው። ዋና ሥራው ለሌሎች ገንዘብ ማደል አይደለም፤ በራሱ ሠራተኞች ምርምር ያደርጋል፣ የላቦራቶሪዎችን ጥራት ይጠብቃል፣ የወረርሽኝ አደጋንም ይቈጣጠራል። በአሜሪካ ይህ የመጨረሻው ሥራ በአትላንታ ለሚገኘው ለሌላ መሥሪያ ቤት የተሰጠ ነው። በእኛ ዘንድ ምርምሩና የወረርሽኝ ጥበቃው በአንድ ግቢ መሆናቸው ወሬው ከገጠር ወደ መርማሪው በአጭር መንገድ እንዲደርስ ይረዳል፤ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል፣ በመጨረሻም ወደ ኢንስቲትዩቱ በየሳምንቱ ይሄዳል።

ሳምንት የማይጠበቅላቸው በሽታዎች ግን አሉ። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት የዛለ እንደ ሆነ የጤና ሠራተኛው ወዲያውኑ ያስታውቃል። ሕመሙ ከጀመረ በ14 ቀን ውስጥ፣ ቢያንስ የ24 ሰዓት ልዩነት ያላቸው ሁለት የሰገራ ናሙናዎች ይወሰዳሉ፤ በበረዶ ሣጥን ሆነው ወደ ጉለሌው የልጅነት ልምሻ ላቦራቶሪ ይላካሉ። በሣጥኑ ላይ የልጁ ስም፣ ቀበሌው፣ ሕመሙ የጀመረበትና ናሙናው የተወሰደበት ቀን በማይለቅ ቀለም ይጻፍ። የላኪው ስልክ ቍጥርም አይረሳ፤ ውጤቱ በጊዜው ያልተመለሰለት ሠራተኛም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የጠየቀበትንም ደብዳቤ ግልባጭ በእጁ ያስቀር።