የዲስክ ፓርቲሽን ምርመራ ሲያስቸግር ምን ይደረግ?

ኮምፒዩተር ሲነሣ «ፋይል ሲስተሙ ይመርመር» ብሎ ቀጥ ሲል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ለጥያቄው ሁሉ «አዎን፣ አዎን» እያሉ ማለፍ ነው። ይህ ችኮላ ግን የአንድ ክፍል ተማሪዎችን የዓመት ውጤት ሊያሳጣ ይችላል። ስለሆነም በሊኑክስ የሚሠራበትን ኤፍ-ኤስ-ሲ-ኬ የተባለውን መርማሪ ፕሮግራም እንመልከት።

መርማሪው ምን ይሠራል?

ፓርቲሽን ማለት ከዲስኩ ተከፍሎ ራሱን የቻለ ክፍል ነው። በውስጡ ያለውን ፋይል ሲስተም በቤተ መጻሕፍት ልንመስለው እንችላለን፤ መጽሐፉ በመደርደሪያ፣ የመጽሐፉ ቦታ በካርድ፣ ጠቅላላው ይዞታ ደግሞ በዋናው መዝገብ ላይ ይገኛል። ኮምፒዩተሩ እየጻፈ ሳለ መብራት ድርግም ቢል፣ ካርዱና መደርደሪያው ሳይስማሙ ይቀራሉ። መርማሪው እነዚህን ያስታርቃል። ልብ በሉ! የሚያስታርቀው መዝገቡን ነው እንጂ መጽሐፉን ገልጦ አያነብም። ስሙ የጠፋበትን ፋይል ለብቻው በቁጥር ሰይሞ ያስቀምጣል፤ ያልተስማማለትን ደግሞ ሊሰርዘው ይችላል።

ቅደም ተከተሉ

1ኛ/ ፓርቲሽኑን ከሥራ ማላቀቅ። ባለሱቅ «ለቆጠራ ተዘግቷል» ብሎ ይለጥፋል እንጂ እየሸጠ ይቆጥራል እንዴ? በሥራ ላይ ያለ ፓርቲሽን ሲጠገን ደህናውም ይበላሻል። ሲስተሙ ራሱ ያለበት ፓርቲሽን ከሆነ ኮምፒዩተሩን በፍላሽ ላይ በተጫነ ሊኑክስ ማስነሣት ነው።

2ኛ/ ፓርቲሽኑ ኤክስት4 ከሆነ በቅድሚያ «ኤን» በሚለው ምልክት ማስኬድ። ይህ ምንም ሳይነካ ስሕተቱን ብቻ ይዘረዝራል።

3ኛ/ «ማንበብ አልተቻለም» የሚል መልእክት ከተደጋገመ ዲስኩ ራሱ እየደከመ ሊሆን ስለሚችል ጥገና አይጀመር። መጀመሪያ ዲዲሬስኪዩ በተባለው ፕሮግራም ግልባጩን በሌላ ዲስክ ላይ ማውጣት፣ ጥገናውንም በግልባጩ ላይ ማካሄድ ይገባል።

4ኛ/ ዋናው መዝገብ፣ ማለትም ሱፐርብሎኩ፣ ቢበላሽ ተስፋ አይቆረጥም። ኤክስት4 ቅጂዎቹን በየቦታው ያስቀምጣል። የብሎኩ መጠን 4096 ባይት ሲሆን፣ እንደ ልማዱ የመጀመሪያው ቅጂ በብሎክ 32768 ላይ ይገኛል፤ «ቢ» በሚለው ምልክት ቁጥሩን መስጠት ነው።

5ኛ/ ሲጨርስ የሚመልሰውን ቁጥር ማየት። 0 ስሕተት የለም፤ 1 ስሕተቱ ታርሟል፤ 2 ኮምፒዩተሩ እንደገና ይነሣ፤ 4 ያልታረመ ስሕተት ቀርቷል፤ 8 ምርመራው ራሱ ተሰናክሏል ማለት ነው።

ጥንቃቄ፦ በኤክስኤፍኤስ የተዘጋጀ ፓርቲሽን ላይ ይህ መርማሪ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይሠራ 0 ብሎ ይወጣል። በዚህ መዘናጋት አይገባም፤ ለእሱ የተዘጋጀው ኤክስኤፍኤስ ሪፔር የተባለው ሌላ ፕሮግራም ነው።

እንግዲህ መርማሪው የሚያድነው መደርደሪያውን ነው። የተማሪውን ማርክ የሚያድነው አስቀድሞ በሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ ነው።

የመለማመጃ ጥያቄ፦ መርማሪው 5 ቁጥርን ቢመልስ ምን ማለት ነው? (ፍንጭ፦ ቁጥሮቹ ይደመራሉ።)