ያለቀ ካምቢዮ መቀየር፦ ከአንዲት አሮጌ መኪና የተገኘ የፊዚክስ ትምህርት

ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ። እነዚህን ከጣልያንኛ የወረስናቸውን ቃላት በየጋራዡ በር ዘወትር እንሰማቸዋለን። በፊዚክስ መማሪያ መጻሕፍቶቻችን ውስጥ ግን እምብዛም ቦታ አላገኙም። ስለ ቶርክ፣ ስለ ሰበቃና ስለ ክብደት ማዕከል ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በተሳለ ሣጥንና ዘንበል ባለ ወለል እንወሰናለን። በዚህ ጽሑፍ ያንኑ ትምህርት ከአንዲት አሮጌ መኪና ሆድ ውስጥ ለማውጣት እንሞክራለን።

በጀርመን ሀገር የዶክትሬት ትምህርታችንን በምንከታተልበት ጊዜ ከሁለት የላቦራቶሪ ባልደረቦቻችን ጋር ገንዘብ አዋጥተን አንዲት የቮልስዋገን ሚኒባስ ገዝተን ነበር። በውስጧ አልጋ፣ ትንሽ ምድጃና የዕቃ ማጠቢያ ያላት፣ የሀገሩ ሰዎች ለዕረፍት ጉዞ የሚጠቀሙባት ዓይነት ናት። ይህ ሞዴል በጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1979 የተመረተ ሲሆን፣ በብራዚል ምርቱ እስከ 2013 ዘልቋል። ሞተሯ ከኋላ ተቀምጦ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው፤ በሀገራችን ቮልስ እያልን ከምንጠራት ትንሽ መኪና ሞተር ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ በአንድ ቤት ተጣምረው ከሞተሩ ፊት ታስረዋል።

ጥቂት ወራት እንደተጠቀምንባት ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ በመለስን ቁጥር ብረት ከብረት ሲፋጭ ይሰማ ጀመር። ለጥገናው የተጠየቅነው ዋጋ መኪናዋን ከገዛንበት ይበልጥ ስለነበር ሥራውን ራሳችን ለመሥራት ወሰንን።

ካምቢዮ ምን ይሠራል?

«ካምቢዮ» በጣልያንኛ ቅያሬ ወይም ልውውጥ ማለት ነው። ስሙ ሥራውን በትክክል ይገልጸዋል። ካምቢዮ ጉልበት አይፈጥርም፤ ይመነዝራል እንጂ። ፍጥነትን ሰጥቶ ቶርክን ይቀበላል፤ ወይም ቶርክን ሰጥቶ ፍጥነትን ይቀበላል።

በቁጥር እንመልከተው። የመኪናዋ ባለ 1600 ሲ.ሲ. ሞተር ከፍተኛ ቶርክ 106 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። የጎማዋ ራዲየስ 0.325 ሜትር ነው እንበል። ሞተሩ ያለ ካምቢዮ በቀጥታ ከጎማው ጋር ቢያያዝ ኖሮ መኪናዋን ወደፊት የሚገፋው ኃይል 106 ለ0.325 ሲካፈል፣ ማለትም 326 ኒውተን ብቻ ይሆን ነበር። ከነጭነቷ 2000 ኪሎ ግራም ለምትመዝን መኪና ይህ ከምንም አይቆጠርም።

አሁን ካምቢዮውን እናስገባ። የአንደኛ ማርሽ ምጣኔ 3.8፣ የዲፈረንሻሉ ደግሞ 5.375 ነው። ሁለቱ ሲባዙ 20.4 ይሆናሉ፤ የመግፊያው ኃይልም ወደ 6650 ኒውተን ያድጋል። በአራተኛ ማርሽ ምጣኔው 0.82 ስለሆነ የመግፊያው ኃይል 1440 ኒውተን ገደማ ነው። የመኪናዋ ክብደት 19600 ኒውተን ስለሆነ፣ የአየርንና የሰበቃን ተቃውሞ ወደ ጎን ብንተው፣ በአንደኛ ማርሽ የ20 ዲግሪ ዳገት ትወጣለች፤ በአራተኛ ግን 4 ዲግሪ ከሚሆን ዳገት አታልፍም። ሾፌር ዳገት ላይ ማርሽ የሚመልሰው ስለዚህ ነው።

ሕመሙ የቱ ጋ ነው?

ካምቢዮ ለማውረድ ከመነሣታችን በፊት በእርግጥ የታመመው እርሱ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባናል። ለዚህም ከሁሉ የሚቀድመው መሣሪያ መፍቻ ሳይሆን ጆሮ ነው። ጥያቄውም አንድ ነው፤ ድምፁ የሚከተለው የየትኛውን አካል መዞር ነው?

ሀ. መኪናዋ ቆማ፣ ማርሽ ሳይገባ፣ ሞተሩ በቀስታ ሲዞር የሚሰማ ጉርምርምታ ፍሪሲዮን ስንረግጥ ከጠፋ፣ ያረጀው ከሞተሩ ጋር የሚዞረው የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ፍሪሲዮን ስንረግጥ ዘንጉ ይቆማልና።

ለ. በተቃራኒው ፍሪሲዮን ስንረግጥ ብቻ የሚመጣ ድምፅ ከሆነ፣ ችግሩ የፍሪሲዮኑ መግፊያ ኩሽኔታ ነው፤ ካምቢዮው ንጹሕ ነው።

ሐ. መኪናዋ ስትጓዝ ማርሹን አውጥተን ፍሪሲዮን ረግጠንም የማይጠፋና ከመኪናዋ ፍጥነት ጋር የሚጨምርና የሚቀንስ ድምፅ ከዲፈረንሻሉ ወይም ከጎማ ኩሽኔታ የሚመጣ ነው።

መ. በጉዞ ላይ አንድ ማርሽ ብቻ ሲገባ የሚፋጭ ከሆነ፣ ያለቀው የዚያ ማርሽ ሲንክሮናይዘር ነው።

ሠ. መኪናዋ ቆማ የኋላ ማርሽ ሲገባ የሚፋጭ ከሆነ ግን በቅድሚያ የምንጠረጥረው ፍሪሲዮኑን ነው፤ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም ማለት ነው።

የእኛ መኪና ሕመም በ«መ» ሥር ይወድቃል። ሲንክሮናይዘር ከናስ የተሠራ፣ ውስጡ እንደ ቆብ የሾለ ቀለበት ነው። ማርሹ ከመግባቱ በፊት በሰበቃ ኃይል የሁለቱን ተጋጣሚዎች ፍጥነት ያስተካክላል። ሥራው ቀላል አይደለም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስንጓዝ ጎማው በደቂቃ 327 ጊዜ ይዞራል። የመግቢያው ዘንግ በሦስተኛ ማርሽ 2200፣ በሁለተኛ ደግሞ 3600 ዙር ገደማ ይኖረዋል። ስለዚህ ቀለበቱ በሰከንድ ክፋይ ውስጥ ዘንጉንና የፍሪሲዮን ሸራውን በ1400 ዙር ማፍጠን አለበት። ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ቦዮች ተፍቀው ሲያልቁ በመካከል ያለውን የዘይት ሽፋን መቁረጥ ይሳነዋል፤ ሰበቃው ይቀንሳል፤ ጥርሶቹም ፍጥነታቸው ሳይስተካከል ይላተማሉ።

ዘይቱን ስናፈስስ ማግኔት ባለው የማፍሰሻ ቡሎን ላይ ስስ የብረት ጭቃ ተለጥፎ አገኘን። ይህ በአሮጌ ካምቢዮ የተለመደ ነው። ከጭቃው ውስጥ ግን ሁለት ስለታም ስባሪዎች ወጡ። ጥርስ መሰበር ጀምሯል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ካምቢዮውን መለወጥ እንዳለብን አመንን።

የሚተካው ካምቢዮ

አሮጌ መኪኖች ተፈትተው ከሚሸጡበት ቦታ ሌላ ካምቢዮ ገዛን። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከ1967 በፊት በነበረው ሞዴል በኋላ ጎማዎቹ ዘንድ አዟዟሩን የሚገለብጡ ተጨማሪ ጥርሶች ነበሩ። የዚያን ሞዴል ካምቢዮ እንዳለ ወስዶ እነዚህ ጥርሶች በሌሉት መኪና ላይ የሚገጥም ሰው አራት የኋላና አንድ የፊት ማርሽ ያላት መኪና ባለቤት ይሆናል! ስለዚህ ከመግዛት በፊት የመግቢያውን ዘንግ በእጅ እያዞሩ የመውጫውን አቅጣጫና ዙር መቁጠር ይበጃል።

ማውረድ

መጀመሪያ የባትሪው ኔጋቲቭ ሽቦ ይፈታል፤ የነዳጁ ቱቦ ይዘጋል። ከዚያም የፍሪሲዮን ገመድ፣ የሞተሪኖ ሽቦዎች፣ የማርሽ ዘንግ መገጣጠሚያ፣ እንዲሁም ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሱት ሁለት ዘንጎች በየ6 ቡሎኖቻቸው ይለያያሉ። ሞተሩ ቀድሞ ይወርዳል፤ ካምቢዮው ይከተላል።

ከሁሉ በላይ ልንረሳው የማይገባ ነገር አለ። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። መኪናዋ ከኋላ በክሪክ ስትነሣ እነዚያ ጎማዎች አየር ላይ ናቸው። ማርሽ አስገብቶ ማቆምም የሚሠራው በእነዚያው ጎማዎች በኩል ነው። ስለዚህ መኪናዋን ከመንሸራተት የሚያግዳት የፊት ጎማዎቿን የሚደግፈው ታኮ ብቻ ነው፤ ከፊትም ከኋላም መደረግ አለበት። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። ጠንካራ የብረት እግር ሳይቆምላት ማንም ሰው ከሥሯ እንዳይገባ።

ስሕተታችን

አዲሱን ካምቢዮ ሰቅለን ሞተሩን መልሰን ስንገጥም መሽቶ ነበር። ደክሞን ስለነበር የካምቢዮው ዘንግ በፍሪሲዮን ሸራው ቀዳዳ ገና በግማሽ እንደገባ ክሪኩን ጥቂት ዝቅ አደረግነው። ከአንድ ደቂቃ በኋላ አስተካከልነው፤ ሁሉም ታሰረ።

በማግሥቱ ሞተሩን አስነሥተን የኋላ ማርሽ ስናስገባ ያው ፍጭት ተሰማ። ሻጩ የተበላሸ ካምቢዮ ሰጥቶናል ብለን ልንከስሰው ተነሣን። መንገድ ከጀመርን በኋላ ግን አንዱ ባልደረባችን መኪናዋ ቆማ እንደነበረች አስታወሰን። ራሳችን የጻፍነው ሠንጠረዥ «ሠ» ምን ይላል? ፍሪሲዮኑን ተጠራጠሩ ይላል።

ተመልሰን የገመዱን ልክ አስተካከልን፤ ለውጥ አልነበረም። ሞተሩን እንደገና አወረድነው። ሸራው ጎብጧል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞተሩ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን ክብደቱ 1000 ኒውተን ያህል ነው። የክብደት ማዕከሉ ከሸራው 25 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ክሪኩ ሲለቅቀው በሸራው ላይ 250 ኒውተን ሜትር ያርፋል። ይህም ሞተሩ ከሚሰጠው ከፍተኛ ቶርክ ከእጥፍ በላይ ነው። ያውም ሸራው እንዲሸከም የተሠራው መጠምዘዝን እንጂ መታጠፍን አይደለም። አዲስ ሸራ ገጥመን፣ ዘንጉ እስኪያልፍ ድረስ ሞተሩን ደረጃውን ጠብቀን ይዘን አሰርነው። ማርሾቹ ሁሉ ያለ ድምፅ ገቡ። ሻጩ አልበደለንም ነበር።

በመጨረሻም ቡሎኖቹን ቶርክ በሚለካ መፍቻ ማጥበቅ፣ ዘይቱንም እስከ መሙያው ቀዳዳ ከንፈር መሙላት ያስፈልጋል። ዘይቱ ለዚህ ካምቢዮ የተወሰነው ዓይነት ይሁን፤ ከመጠን በላይ የሚያንሸራትት ዘይት ሲንክሮናይዘሩ የሚሠራበትን ሰበቃ ይነሣዋልና።

እንግዲህ ውድ ተማሪዎች፣ ከዚህ ሥራ የተማርነው ቡሎን መፍታትን ብቻ አይደለም። አንድ ዓይነት ድምፅ ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ሊኖሩት ይችላል። የሚለያቸው ቁጣም ሆነ ግምት ሳይሆን፣ አንዱን ሁኔታ እየለወጡ ሌላውን ባለበት አቆይቶ መመልከት ነው። በላቦራቶሪ የምናስተምረው ዘዴም ከዚህ የተለየ አይደለም።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ይህች መኪና በአራተኛ ማርሽ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ስትጓዝ ሞተሯ በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዞራል?

2. የዲፈረንሻሉ ምጣኔ ብቻ ከ5.375 ወደ 4.857 ቢለወጥ የሞተሩ ዙር በስንት ይቀንሳል? በአራተኛ ማርሽ የምትወጣው ዳገትስ ምን ይሆናል?

መልስ፦ 1) 3240 ገደማ። 2) በ310 ገደማ ይቀንሳል፤ የመግፊያው ኃይል ወደ 1300 ኒውተን ስለሚወርድ ዳገቱ ከ4.2 ወደ 3.8 ዲግሪ ዝቅ ይላል።