በክረምት ስለሚገኝ ዕረፍት

ዘመነ ክረምት በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ያለው ጊዜ ነው። በዚህ ወራት ተማሪ ቤቱ ይዘጋል፤ ፍርድ ቤቱም ለዕረፍት ይዘጋል፤ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ የሚቀበለውም ብዙ ነው። ለገበሬው ግን ክረምት የድካም ወራት ነው፤ በሐምሌ ይዘራል፥ በነሐሴ ያርማል። እንግዲህ ስለ ክረምት ዕረፍት ስንነጋገር እኛ የምናርፈው ሌላው በጭቃ ውስጥ ሲደክምልን መሆኑን አስቀድመን ልናስብ ይገባናል።

ብዙ ሰው ዕረፍት ማለት እጅን ከሥራ መሰብሰብ ብቻ ይመስለዋል። ዳሩ ግን እጁ አርፎ ልቡ የማያርፍ ስንት አለ! ይህን የሚጽፈውም ሰው ከእነርሱ አንዱ ነበረ። በአንድ ዓመት በጾመ ፍልሰታ ሱባኤ ገብቼ፥ ሳልጨርሰው የመጣሁትን የቢሮ ደብዳቤ በጸሎቱ መካከል በልቤ ስጽፍና ስሰርዝ ሦስት ቀን አለፈ። ሥጋዬ በደብሩ ዐጸድ ውስጥ ነበረ፤ አሳቤ ግን ከጠረጴዛው አልተነሣም ነበር።

ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ፊት ሸሽቶ፥ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር ያደረገለትን እንመልከት (1ኛ ነገ. 19)። ስለ ድካሙ አልተቈጣውም፤ ወዲያውም ትምህርት አላበዛበትም። ነቢዩ ተኛ፤ መልአክ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ በላ፥ ጠጣ፥ ዳግመኛም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ የሚሄድበት መንገድ ሩቅ መሆኑን ነገረው፤ እርሱም በዚያ ምግብ ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጕዞ ኮሬብ ደረሰ። ነፋሱና የምድር መናወጡ እሳቱም ካለፉ በኋላ ቀጭኑን ድምፅ የሰማ ይህ ተኝቶና በልቶ የበረታው ሰው ነው። ስለዚህ ማሕሌት ቆሞ፥ ሰዓታት ደርሶ፥ ቀድሶም የደከመ ካህን እንቅልፉን እንደ ኃጢአት አይቍጠረው። ደግሞም ኤልያስ ከዚያ የተመለሰው ወደ ሥራው ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አልነበረም፥ በእርሱ ፈንታ ነቢይ የሚሆነውን ኤልሳዕን እንዲቀባ ታዘዘ። ረዳት ሳያሳድጉ «ዕረፍት አጣሁ» የሚሉ አለቆች ይህን ቢያስቡት መልካም ነው።

ሐዋርያትም ከተላኩበት ተመልሰው ያደረጉትንና ያስተማሩትን ሁሉ ለጌታችን ነገሩት (ማር. 6፥30-34)። የሚመጣውና የሚሄደው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ እንጀራ ለመብላት እንኳ ጊዜ አላገኙም ነበርና ወደ ምድረ በዳ ለብቻቸው ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ አዘዛቸው። ሱባኤ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ የሠራውን፥ ያጐደለውን፥ የፈራውንም ለጌታው ይነግረዋል። እኔ በአራተኛው ቀን ያን ደብዳቤ የጸሎቴ እንቅፋት ማድረጌን ትቼ የጸሎቴ ነገር ባደረግሁት ጊዜ፥ ውዳሴ ማርያም ሲተረጐም ቃሉ ወደ ጆሮዬ መግባት ጀመረ።

ይሁን እንጂ ሐዋርያት ወደዚያ በደረሱ ጊዜ ሕዝቡ ቀድሞአቸው ነበር፤ ጌታችንም አዘነላቸው እንጂ አላባረራቸውም። ዕረፍታችንን የሚያቋርጥ ድኻ ወይም ሕመምተኛ ቢመጣ ዕረፍታችን ተበላሸ ልንል አይገባንም።

ከነሐሴ 1 ቀን እስከ 15 ቀን የሚጾመው ጾመ ፍልሰታ ሕፃናት እንኳ የሚናፍቁት ጾም ነው። ብዙዎች በሶና ቈሎ ይዘው በየገዳሙና በየደብሩ ይሰበሰባሉ። ነገር ግን ባልና ሚስት ሱባኤ ሲገቡ ሠራተኛይቱ በቤት ቀርታ ልጆች የምትጠብቅ፥ ስንቅ የምታመላልስ፥ ለ16 ቀን በዓልም ድግስ የምታሰናዳ ከሆነች፥ ዕረፍቱ በእርስዋ ጫንቃ ላይ የቆመ ነው። ኦሪት የሰንበትን ዕረፍት ስታዝዝ ሎሌውና ገረዲቱ እንደ ጌታቸው እንዲያርፉ፥ በሬውና አህያውም እንዳይሠሩ ብላ ነው (ዘዳ. 5፥14)። እንግዲህ ከ15ቱ ቀኖች የተወሰኑት የእርስዋ ይሁኑ፤ ነጠላዋን ለብሳ ከእመቤቷ ጋር ትርጓሜውን ትስማ፥ ቅዳሴውንም ታስቀድስ። በእነዚያ ቀኖች ልጆቹን የቤቱ ጌታ ይጠብቅ፤ ቈሎውንም እርሱ ይቍላ።