የእጅ አንጓ ነርቭ መጨቆን፦ የቀዶ ሕክምና ውሳኔና የማገገም መለኪያ

ሌሊት እጁ ደንዝዞ የሚነቃ፣ እጁን አራግፎም ፋታ የሚያገኝ ሰው ሕመሙን በልዩ ልዩ ስም ይጠራዋል። አንዱ ብርድ መታኝ ይላል፤ ሌላው ደሜ አልዘዋወር አለ ብሎ ያማርራል፤ ሪህ ነው ብሎ የሚደመድምም አይጠፋም። ከእነዚህ ቅሬታዎች ጀርባ ደጋግሞ የሚገኘው ግን በእጅ አንጓ ውስጥ የሚያልፈው ሚዲያን ነርቭ መጨቆን፣ በሕክምናው አጠራር ካርፓል ተነል ሲንድረም ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ የስዊድን ጥናት፣ በሐኪም ምርመራም በነርቭ ፍተሻም የተረጋገጠው ሕመም 2.7 በመቶ በሚሆነው ሕዝብ ላይ ተገኝቷል። ይህ አጭር ጽሑፍ ሁለት ተያያዥ ጥያቄዎችን ያነሣል፤ ሕመምተኛው ቀዶ ሕክምናን መቼ ሊመርጥ ይገባል? ከቀዶ ሕክምናው በኋላስ እጁ አገገመ የምንለው በምን ለክተን ነው?

ነርቩ የሚያልፍበት መተላለፊያ ወለሉና ጎኖቹ ከአንጓ አጥንቶች፣ ጣሪያው ደግሞ ከአንድ ጠንካራ አግዳሚ ሊጋመንት የተሠራ ጠባብ ቦይ ነው። ጣቶችን የሚያጥፉ 9 ጅማቶች ከነርቩ ጋር ተጣበው በዚያ ያልፋሉ። በእርግዝና፣ በታይሮይድ ዕጢ ድክመት፣ በቁርጥማት በሽታ ወይም በአንጓ ስብራት ምክንያት በቦዩ ውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምር ነርቩ ይጎዳል። የስኳር ሕመምም ነርቩን ለጉዳት ያጋልጣል። ድንዛዜው የሚሰማው በአውራ ጣት፣ በሌባ ጣት፣ በመሃል ጣትና በቀለበት ጣት ግማሽ ላይ ሲሆን ትንሿ ጣት በሌላ ነርቭ ስለምትመራ አትነካም። ስለዚህ «እጄ በሙሉ ደነዘዘ» የሚል ሕመምተኛ በሚቀጥለው ሌሊት ትንሿን ጣቱን ለይቶ እንዲያስተውል መጠየቅ ወጪ የሌለው ምርመራ ነው። ከአንገት የሚነሣ የነርቭ ሥር መጨቆንም ተመሳሳይ ስሜት ስለሚፈጥር ሐኪሙ አንገትን ሳያይ ማለፍ አይገባውም።

ጄምስ ፓጄት እ.ኤ.አ. በ1854 ከአንጓ ስብራት በኋላ የተከሰተ የነርቩን መጨቆን ጽፎ አስተዋወቀ፤ ጆርጅ ፌለን ደግሞ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሕመሙ በሰፊው እንዲታወቅ አደረገ። አንጓን ለ60 ሰከንድ አጥፎ ድንዛዜው ይመጣ እንደሆነ የሚታይበት ፍተሻ እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል።

ውሳኔውን በተመለከተ የመጀመሪያው መለያ የድንዛዜው ጠባይ ነው። የሚመጣና የሚሄድ፣ በተለይም ሌሊት የሚብስ ከሆነ፣ አንጓውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መደገፊያ ለጥቂት ሳምንታት በሌሊት ማሰር ተገቢ ጅማሬ ነው። በእርግዝና የመጣው ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይለቃል። መደገፊያው ካልበቃ የስቴሮይድ መርፌ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ሌላ የስዊድን ጥናት መደገፊያ ሞክረው ያልተሻላቸው 111 ሕመምተኞች ተካተው ነበር። መርፌው በ10ኛው ሳምንት ከባዶ መርፌ የተሻለ ፋታ ሰጥቷል፤ ነገር ግን በዓመቱ ውስጥ 80 ሚሊግራም ከተወጉት 73 በመቶው፣ ባዶ መርፌ ከተወጉት ደግሞ 92 በመቶው ቀዶ ሕክምና አድርገዋል። ፋታው እውነተኛ ነው፤ ለአብዛኞቹ ግን አልዘለቀም።

እ.ኤ.አ. በ2002 ከኔዘርላንድስ የቀረበው፣ 176 ሕመምተኞችን በዕጣ መድቦ መደገፊያን ከቀዶ ሕክምና ያነጻጸረው ጥናት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ አጠቃቀሱ ግን ጥንቃቄ ይሻል። በ3ኛው ወር መሻሻል ያሳዩት ከቀዶ ሕክምናው ወገን 80፣ ከመደገፊያው ወገን 54 በመቶ ነበሩ። በ18ኛው ወር ቁጥሩ 90 እና 75 ሆነ። ልዩነቱ የጠበበ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ በመደገፊያ ከጀመሩት 41 በመቶው ቀዶ ሕክምና አድርገው ነበር። 75 በመቶ የሚለውን አኃዝ የመደገፊያው ብቻ ፍሬ አድርጎ ለሕመምተኛ መንገር ስሕተት ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሳይቀደዱ መቆየታቸውን መሸሸግም እንዲሁ።

ድንዛዜው ቀን ከሌሊት የማይለቅ ከሆነ፣ ወይም በአውራ ጣት ሥር ያለው ጡንቻ መሟሸሽ ከጀመረ ግን መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል። እዚህ ላይ አሳሳች ነገር አለ። ነርቩ እጅግ ሲጎዳ የሌሊቱ ንዝረትና ሕመም ሊቀንስ ይችላል። ሕመምተኛዋ «ተሻለኝ፤ ብቻ ስኒ ከእጄ ይወድቃል» ብትል ቤተሰቡ ደስ ይለዋል፤ ሐኪሙ ግን ሊደነግጥ ይገባዋል።

ቀዶ ሕክምናው ራሱ አጭር ነው። ብዙ ጊዜ መዳፉ ብቻ ደንዝዞ በትንሽ ቀዳዳ አግዳሚው ሊጋመንት ይቆረጣል፤ ታካሚው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። በኢንዶስኮፕ የሚሠራው ዓይነት ወደ ሥራ ቀደም ብሎ ለመመለስ ይረዳል፤ በረጅም ጊዜ ግን ውጤታቸው ተቀራራቢ ነው። የቁስል መመርቀዝ፣ የነርቭ ጉዳትና ሊጋመንቱን ሳይጨርሱ መተው የሚታወቁ፣ ብዙ ጊዜ የማያጋጥሙ ችግሮች ናቸው።

ማገገምን በአንድ ቃል መጥራት ያስቸግራል፤ የእጁ ክፍሎች እኩል አይራመዱምና። ሌሊት መንቃቱ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወይም ሳምንታት ይቆማል። ጣቶችን ማንቀሳቀስ ከዕለቱ ይጀመራል፤ ስፌቱም በሁለት ሳምንት ገደማ ይወጣል። ጭብጥ የማድረግ ኃይል ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከቀድሞውም ያንሳል፤ ወደ ነበረበት ለመመለስ 3 ወር ያህል ይፈጃል። በመዳፍ ሥር፣ በጠባሳው ግራና ቀኝ የሚሰማው ሕመም እስከ 6 ወር ሊቆይ ይችላል። ይህን አስቀድሞ ያልሰማ ታካሚ ቀዶ ሕክምናው የተበላሸበት ይመስለዋል። ነርቩ ውስጥ የሞቱ ክሮች ካሉ ደግሞ ዳግም የሚያድጉት በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከአንጓ እስከ ጣት ጫፍ 17 ሴንቲሜትር ቢሆን ግማሽ ዓመት ማለት ነው፤ ያም ሁሉ ነገር ከቀና። የመነመነ ጡንቻ ጨርሶ ላይመለስ ይችላል።

እነዚህን ጊዜያት ወደ እኛ አገር እጅ ስናመጣ የምክሩ ይዘት ይለወጣል። ቁስሉን በደረቅ ያዝ የሚለው መመሪያ በሹካ ለሚበላ ሰው ቀላል ነው፤ ቀኝ እጁን ተቀድዶ እንጀራ በወጥ ለሚቆርስ ሰው ግን በየማዕዱ ችግር ነው። በማንኪያ እንዲበላ ወይም እንዲጎረስ አስቀድሞ ቢነገረው ይጠቅማል። ቀዶ ሕክምናው የሚቆርጠው ቦታ ቡና ሲወቀጥ ዘነዘናው የሚገፋው፣ ልብስ ሲጨመቅ ኃይል የሚያርፍበት፣ ለስግደትም መዳፍ መሬት ሲነካ ክብደት የሚሸከም ቦታ ነው። ለሶላት ውዱእ የሚያደርግ ታካሚም ፋሻው እስኪፈታ ድረስ ምን እንደሚያደርግ ከሐኪሙም ከሃይማኖት አባቱም ጋር መነጋገር ይኖርበታል።

ተመራማሪውንም የሚመለከት ጉዳይ እዚህ አለ። የዚህ ሕመም ውጤት ብዙ ጊዜ የሚለካው እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው የቦስተን መጠይቅ ነው። 11 ጥያቄዎች ስለ ሕመሙ ብርታት፣ 8 ደግሞ ስለ እጅ ሥራ ይጠይቃሉ፤ መጻፍ፣ ልብስ መቆለፍ፣ መጽሐፍ ይዞ ማንበብ፣ የጠርሙስ ክዳን መክፈት፣ የገበያ ዘንቢል መሸከም እና የመሳሰሉትን። መጻፍና መጽሐፍ መያዝ ፊደል ያልቆጠረችን አጣቢ ምን ይጠይቃሉ? ያልሠራችውን ሥራ «አይከብደኝም» ብትል ነጥቧ በሐሰት ይሻሻላል። «አልችልም» ብትልም ጥፋቱ የነርቩ አይሆንም። መጠይቁን ቃል በቃል መተርጎም ይህን አያድንም። በእኔ አስተያየት አገር በቀል ጥናት የሚያቅድ ተመራቂ ተማሪ ቡና መውቀጥን፣ ልብስ መጭመቅን፣ ሊጥ ማቡካትንና እንጀራ መቁረስን የሚጠይቁ ተጨማሪ ጥያቄዎች አዘጋጅቶ አስተማማኝነታቸውን ቢፈትሽ፣ ሌላ አገር የተሠራውን ንጽጽር ከመድገም የበለጠ አስተዋጽኦ ያደርጋል።

በልብስ አጠባ የምትተዳደር፣ ሁለት እጇ የታመመ ሴት እናስብ። ሁለቱን በአንድ ቀን ማስቀደድ ልብስ ለመልበስም መጸዳጃ ቤት ለመግባትም የሰው እጅ ስለሚያስፈልጋት፣ ረዳት ከሌላት አንዱ ከሌላው በሳምንታት መራቅ አለበት። ይህም ገቢ የማይገባበትን ጊዜ ያረዝመዋል። ስምምነቷ ከመጠየቁ በፊት ሦስት ጊዜያት ተለይተው ሊነገሯት ይገባል፦ ሰላማዊ እንቅልፍ የምትጠብቅበት ሳምንት፣ ልብስ መጭመቅ የምትችልበት ወር፣ የጣቷ ጫፍ ስሜት ይመለስ እንደሆነ የሚታወቅበት ጊዜ። የመጨረሻው ላይ ሐኪሙ ቀን ሊቆርጥላት አይችልም፤ ጡንቻዋ ምን ያህል እንደመነመነ ግን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሊያሳያት ይችላል።