የቲሞቻችን በዩኒቨርሲቲ ደጃፍ፦ የመጀመሪያዎቹ ወራትና የሩሽድ ፈተና

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም የቲም ሆነው ባደጉትና ለየቲሞች አዛኝ በነበሩት ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በሸሪዓችን የቲም የሚባለው ለአካለ መጠን ሳይደርስ አባቱን በሞት ያጣ ልጅ ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ የገባ ወጣት በፊቅህ አነጋገር የቲምነቱ አብቅቷል። ታዲያ የአሳዳጊዎቹና የማኅበራችን ኃላፊነትስ በዚያው ቀን ያበቃልን? ለዚህ ጥያቄ መልስ ከመስጠታችን በፊት ከራሳችን ስህተት እንጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ ስንረዳው የቆየ አንድ ወጣት የ12ኛ ክፍልን ፈተና በጥሩ ውጤት አልፎ ከቤቱ ርቆ ወደሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ተመደበ። እኛም ደስ አለን፤ መዝገቡን ዘግተን ድጋፉን ለሌላ ልጅ አዛወርነው። ወጣቱ በአራተኛው ወር ጓዙን ሸክፎ ተመለሰ። ስንጠይቀው ለመንገድና ለወረቀት ከሰጠነው ገንዘብ እኩሌታውን ለእናቱ ትቶላት ሄዶ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ፈተናዎች ወደቀ፤ በእንግሊዝኛ የሚሰጠውን ትምህርት መከታተል እንደከበደው ግን ለማንም አልተናገረም። «ዘጠኝ ዓመት ያስተማራችሁኝን ሰዎች እንዴት ብዬ ዳግም ላስቸግር?» አለን። ከግቢው የወጣው ለሬጅስትራር ሳያሳውቅ በመሆኑ ተመልሶ ለመግባትም ብዙ ተንገላታ። ልጁ ሰነፍ አልነበረም። እኛ ግን ኃላፊነታችንን አንድ እርምጃ ቀድመን ጥለነው ነበር።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ኒሳእ 6ኛ አንቀጽ አሳዳጊዎች የቲሞችን ለጋብቻ እስኪደርሱ ድረስ እንዲፈትኗቸውና ሩሽድን ማለትም ቅን አስተዋይነትን ሲያዩባቸው ገንዘባቸውን እንዲያስረክቧቸው አዟል። እንግዲህ ዕድሜ ብቻውን በቂ አልተደረገም፤ ከዕድሜው ጋር ፈተና አለ። በሻፊዒይ መዝሀብ ሊቃውንት ማብራሪያ የነጋዴ ልጅ በመሸጥና በመግዛት፣ የገበሬ ልጅ በእርሻ ሥራ ይፈተናል። ሁሉም በሚሰማራበት መስክ ይመዘናል ማለት ነው። ታዲያ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄደውን ልጅ በምን እንፈትነው? እኛ በሦስት ነገሮች እንላለን፦ በገንዘብ፣ በጊዜና በመጠየቅ።

አንደኛው ገንዘብ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ ከምረቃ በኋላ ከገቢው ይከፍላል፤ በግቢው የሚኖር ከሆነ መኝታና ምግብ ያገኛል። ኪስ የሚነካው ለመማሪያ ጽሑፎች ኮፒ፣ ለሳሙና፣ ለስልክና ለመጓጓዣ የሚወጣው ነው። ስለዚህ አሳዳጊዎች ገና በክረምቱ የአንድ ወር ወጪውን በአንድ ጊዜ ሰጥተው በደብተር እየመዘገበ እንዲያስተዳድር ያለማምዱት። ለእናቱ ማዘኑ ታላቅ መልካም ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ለትምህርት ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ ለተሰጠበት ዓላማ የሚውል አማና ነው። ቤት ውስጥ ችግር ካለ ተማሪው ለማኅበሩ ይንገር፤ ቤተሰቡ ለብቻው የሚረዳበት መንገድ ይፈለጋል።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደወል ይደወላል፣ መምህሩም ደብተር ይመለከታል። በዩኒቨርሲቲ ግን መምህሩ የትምህርቱን ዝርዝር ሰጥቶ ወደ ሥራው ይገባል፤ ቀሪው የተማሪው ድርሻ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት የየትምህርቱን ዝርዝር ተቀብሎ የፈተናና የአሳይንመንት ቀኖችን በአንድ ወረቀት ላይ ማስፈር ይገባል። ነጥብ የሚሰጠው በመጨረሻው ፈተና ብቻ አይደለምና ከወዲያኛው ወር በፊት የባከነው በኋላ በቀላሉ አይካካስም። ለመመረቅ ቢያንስ 2.00 አማካይ ውጤት ያስፈልጋል። የሁለቱ ሴሚስተር ክሬዲት እኩል ቢሆንና ተማሪው በመጀመሪያው 1.60 ቢያመጣ፣ እንዲቀጥል ቢፈቀድለት እንኳ አማካዩን 2.00 ለማድረስ በሁለተኛው 2.40 ማምጣት ይኖርበታል። የትምህርት ክፍል ምደባም የመጀመሪያውን ዓመት ውጤት የሚከተል በመሆኑ የሚመኘው ሙያ በእነዚህ ወራት ይወሰናል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና ስለሚወስዱ ለፈተና ተሸምድዶ የተረሳ ትምህርት መጨረሻ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

ለዚህ የሚበጀው ስልት ለእኛ አዲስ አይደለም። በደረሳነት ዘመናችን ነገ የሚቀራውን ኪታብ ማታውኑ ሙጣለዓ አድርገን እናድር ነበር፤ ከሸኹ ዘንድ ከቀራን በኋላም ከጓደኛችን ጋር ተቀምጠን እንደግመው ነበር። ቀድሞ ያነበበ ሰው በትምህርቱ ሰዓት የሚሰማው ጉዳዩን ስለሚያውቀው ቋንቋው ቢከብደውም አይጠፋበትም። ዛሬም የሱብሕን ሰላት ሰግዶ እስከ ትምህርት ሰዓት የዕለቱን ክፍል የሚያነብ፣ ማታም ከጓደኛው ጋር የሚከልስ ተማሪ ያንኑ የአባቶቹን መንገድ ይዟል።

ሦስተኛውና ለየቲም ልጅ ከሁሉ የሚከብደው መጠየቅ ነው። በሰው እጅ ያደገ ልጅ «አስቸገረ» እንዳይባል ዝምታን ይለምዳል። ነገር ግን ዕውቀትን መጠየቅ ልመና አይደለም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገኑት ሐያእ ሃይማኖታቸውን ከመማር ስላልከለከላቸው ነው። ተማሪዎቻችን ሆይ! ትምህርቱ ሲከብዳችሁ መምህሩን በቢሮ ሰዓቱ ጠይቁ። የመኝታ ወይም የምግብ ችግር ሲገጥማችሁ ወደ ተማሪዎች አገልግሎት ቢሮ ሂዱ። ከእናንተ ቀድመው የገቡ ወንድሞችንና እህቶችን ተዋወቁ። ሕመም ወይም ችግር ትምህርት ማቋረጥ ግድ ቢያደርግባችሁ እንኳ በሬጅስትራር በኩል በሥርዓቱ ሞልታችሁ ውጡ፤ በዝምታ የወጣ ሰው የመመለሻውን በር በገዛ እጁ ያጠብባል።

አሳዳጊዎችና ለጋሾች ሆይ! ከእኛ ስህተት ተማሩ። ልጁ ሲሄድ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ማስረጃዎቹ ከነኮፒያቸው፣ ፎቶግራፉ፣ አንሶላውና ብርድ ልብሱ መሟላታቸውን አይታችሁ ሸኙት። ከሄደ በኋላም በሁለተኛው ሳምንት፣ ከመጀመሪያው ፈተና በፊትና ከውጤቱ በኋላ ደውሉለት። ስትደውሉም «ደህና ነህ ወይ?» ብቻ ብላችሁ አትዝጉ፤ መልሱ ሁልጊዜ «አልሐምዱ ሊላህ» ነውና። «የትኛው ትምህርት ከበደህ? እስከ ወሩ መጨረሻ የሚያደርስህ ስንት ብር ቀረህ? የከበደህን ማንን ጠየቅህ?» በሉት። ሦስቱንም ያለ መደናገር የሚመልስበት ቀን ሲመጣ ያን ጊዜ ሩሽድን አይታችኋል፤ እጃችሁንም ቀስ በቀስ ልትለቁ ትችላላችሁ።

ኢማም አሽ-ሻፊዒይ በ150 ዓመተ ሂጅራ ጋዛ ተወልደው በሕፃንነታቸው አባታቸውን አጡ። እናታቸው ወደ መካ ወሰዷቸው፤ ወረቀት መግዣ ስላልነበራቸውም በአጥንት ላይ ይጽፉ ነበር። ከጀርባቸው ግን ልጃቸውን ለዕውቀት ያቀኑ እናት ነበሩ። የእኛም ወጣት ዛሬ ደብተርና እስክርቢቶ አያጣ ይሆናል፤ የሚያጣው ከጀርባው የሚቆምለትን ሰው ነው። ከላይ የጠቀስነው ወጣት በቀጣዩ ዓመት በአላህ ፈቃድ ተመልሶ ገባ፤ በየወሩም ደወልንለት። ከዚያ ወዲህ የማንንም ተማሪ መዝገብ በምደባው ቀን አንዘጋም።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀትና ሩሽድ ይወፍቃቸው፤ እኛንም አማናችንን እስከ ፍጻሜው ከሚወጡት ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።