ስለ ደም መመለስና ስለ ሕግ ፍርድ

ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው አገር፥ የወንድሙን ደም ያልመለሰ እንደ ወንድ አይቈጠርም የሚል ክፉ ልማድ ብዙ ቤት ዘግቷል። እኛ ግን ሕግ ከእጅ አስቀድሞ ልብን እንደሚመረምር እናስተምራለን።

ኦሪት ሳይጠላ በስሕተት የገደለውን በመማጸኛ ከተማ ስታስጠልል፥ አድብቶ የገደለውን ከመሠዊያው ሥር እንኳ አውጥታ ለሞት ትሰጣለች። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የአገራችን የወንጀል ሕግም እንዲሁ ይለያል። በከባድ ነገር ተነሣሥቶ በድንገተኛ ቍጣ የገደለ በአንቀጽ 541 እስከ 5 ዓመት በቀላል እስራት፥ ተራ ግድያ የፈጸመ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት በጽኑ እስራት ይቀጣል። አስቀድሞ መክሮ፥ ጨካኝነቱን ወይም አደገኛነቱን በሚገልጥ አኳኋን የገደለ ግን በአንቀጽ 539 የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ይፈረድበታል።

እንግዲህ ለዓመታት ቂም ቋጥሮ በመንገድ ያደባ ሰው «ተቈጥቼ ነው» ቢል ምን ይጠቅመዋል? የሰነበተ ቍጣ ምክር ሆኗልና። የሽማግሎች ዕርቅ የዳኛውን ፍርድ አያስቀርም፤ ሁለተኛውን ሬሳ ግን ያስቀራል። ስለዚህ የንስሐ አባቶች ሆይ፥ መስቀላችንን ይዘን ወደ ልቅሶው ቤት እንፍጠን፤ ልጁ ጠመንጃውን ሳያነሣ እንድረስለት። ለዚህም አምላካችን ይርዳን።