ከቬርሳይ እልፍኝ እስከ ቅቤ መናጫ

በዛሬው የታሪክ ትምህርታችን በፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ኖራ በኋላ የተሰደደች አንዲት ወይዘሮ እናነሣለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሉሲ ዲሎን በ1770 ፓሪስ ውስጥ ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለደች። እናቷ የንግሥት ማሪ አንቷኔት ደንገጡር ነበረች። ሉሲ በ1787 አግብታ፣ በኋላ ማዳም ደ ላ ቱር ዱ ፓን ተብላ ታወቀች።

1. የቤተ መንግሥት ኑሮ

በቬርሳይ ንግሥቲቱ ፊት ለመቅረብ እጅ አነሣሥ ከዳንስ አስተማሪ ይጠና ነበር። ሉሲም ረጅሙን የቀሚሷን ጭራ በእግሯ እየገፋች፣ ሳትደናቀፍና ለንግሥቲቱ ጀርባዋን ሳትሰጥ የኋሊት መውጣት ተለማመደች። በንግሥቲቱ ፊት በርጩማ ላይ መቀመጥ ዱሼስ ለሚባሉት ወይዛዝርት የተሰጠ ክብር ነበር፤ ሌሎቹ ይቆማሉ።

2. ስደት

በ1789 አብዮት ፈነዳ። በ1794 ሉሲ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ከቦርዶ በትንሽ መርከብ ወደ አሜሪካ ሸሸች። በጉዞው ላይ ፀጉሯን ቆርጣ ባሕር ውስጥ ጣለችው። እነሱ ከወጡ በኋላ በዚያው ዓመት አባቷና የባሏ አባት በጊዮቲን ተገደሉ።

በኒው ዮርክ፣ አልባኒ አጠገብ እርሻ ገዙ። ትናንት ሐር ለብሳ እጅ ትነሣ የነበረችው ወይዘሮ ቅቤ ማውጣት ያዘች። የቤተሰቡ ምልክት የታተመበት ቅቤዋ ገበያ ላይ ተወደደ። በዘመኑ ልማድ ባሪያዎችም ገዝተው ያሠሩ ነበር፤ በ1796 ወደ ፈረንሳይ ሲመለሱ ነፃ አወጧቸው። በ1797 እንደገና ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ።

3. ምን እንማራለን?

ሉሲ በልጅነቷ ከቤት ሠራተኞች ዘንድ እየሄደች የቤት ሥራ ተምራ ነበር። በስደት የጠቀማት የኋሊት መራመዱ ሳይሆን ይህ ነው። እርግጥ እርሻ መግዣ ገንዘብ ነበራት፤ እኛ የለንም። ነገር ግን በመካከላችን ትናንት መኮንን፣ የቢሮ ኃላፊ፣ ነጋዴ የነበርን አለን። ጀሪካን ይዘን ስንሰለፍ፣ ወይም መርፌና መዶሻ ስንጨብጥ የቀድሞው ማዕረጋችን ያሳፍረናል። ሥራ የሚያዋርድ ቢሆን ኖሮ፣ ይህች ወይዘሮ በ50 ዓመቷ ገደማ የሕይወት ታሪኳን መጻፍ ስትጀምር የቅቤውን ነገር በደበቀችው ነበር። እሷ ግን ሳታፍር ጻፈችው።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. ሉሲ ከቤተ መንግሥትና ከቤት ሠራተኞች ከተማረችው የትኛው በስደት ጠቀማት? ለምን?

ለ. እናንተ የምታውቁትን የትኛውን ሙያ ለጎረቤታችሁ ልጅ ልታስተምሩ ትችላላችሁ?